ፈተናውን ያለፈ ልጅ አትክልቱን ለምን ይተዋል? የግብርና፣ የምግብና የሥርዓተ ምግብ ትምህርት ምዘና ችግሮች

ልጆች ስለ እርሻና ስለ ምግብ በትምህርት ቤት ይማሩ በሚለው ሐሳብ የማይስማማ ሰው ጥቂት ነው። ክርክሩ የሚነሣው ትምህርቱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ለውጥ አመጣ ወይስ አላመጣም? አንዱ ወገን የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ከትምህርቱ በፊት ከነበረው ከፍ ማለቱን አሳይቶ ተሳክቷል ይላል። ሌላው ደግሞ ልጆቹ ዛሬም አትክልቱን ከሳህናቸው ዳር ገፍተው እንደሚነሡ፣ የሕፃናት ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ሆነ መቀንጨር እንዳልቀነሰ ጠቅሶ ገንዘቡ ባክኗል ይላል። ሁለቱም የያዙት መረጃ እውነት ሊሆን ይችላል። የተለያዩት መረጃው ላይ ሳይሆን ትምህርቱ የሚጠየቅበት ነገር ላይ ነው።

ጉዳዩ ባለፉት ዓመታት ክብደት እየጨመረ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተውን የትምህርት ቤት ምገባ ጥምረት ከ100 በላይ መንግሥታት ተቀላቅለዋል። ምገባው በሰፋ ቁጥር ከምገባው ጋር ተያይዞ የሚሰጠው የምግብ ትምህርትና የትምህርት ቤት ጓሮም አብሮ ይሰፋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ትምህርቱ ዕውቀት በማስተላለፍ ብቻ እንዳይወሰን፣ ልጆች ስለሚበሉት ነገር የመወሰን አቅም እንዲያዳብሩ እንዲያግዝ ሲወተውት ቆይቷል። በጀት ሲመደብ ደግሞ «ምን አተረፍንበት?» የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚፈለግበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ትምህርቶች

የመጀመሪያው ግራ መጋባት ከስያሜው ይነሣል። የግብርና ትምህርት ስለ አፈር፣ ስለ ዘር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ተባይና ስለ እንስሳት ያስተምራል። የምግብ ትምህርት ምግብ ከማሳ ተነሥቶ ገበታ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ፣ አዘገጃጀቱን፣ አቀማመጡንና ንጽሕናውን፣ እንዲሁም ማስታወቂያ በምርጫችን ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ይመለከታል። ሥርዓተ ምግብ የሚባለው ሰውነት ምግብን እንዴት እንደሚጠቀምበት፣ ለዕድገትና ለጤና የትኛው ንጥረ ነገር በምን ያህል መጠን እንደሚያስፈልግ የሚያጠናው ዘርፍ ነው። ሦስቱ ይቀራረባሉ፤ የሚያፈሩት ውጤት ግን ይለያያል።

በግብርናው በኩል ሌላም ልዩነት አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ዘገባ ስለ ግብርና ማስተማርና ለግብርና ሙያ ማሠልጠን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስምሮበታል። የመጀመሪያው ለማንኛውም ዜጋ ነው፤ ሐኪም ወይም ሹፌር የሚሆነው ልጅም የሚበላው ነገር እንዴት እንደሚመረት ሊያውቅ ይገባል። ሁለተኛው ግብርናን መተዳደሪያቸው ለሚያደርጉ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት «ስንት ተማሪ ገበሬ ሆነ?» ብሎ መመዘን ወይም ሁለተኛውን በምርጫ ጥያቄ ብቻ መፈተን ሁለቱንም መበደል ነው።

በትምህርት ቤት ጓሮ ላይ የሚታየው የተለመደ ስህተትም ከዚህ የሚመጣ ነው። ጓሮው ምን ያህል ኪሎ አመረተ የሚለው ቁጥር ለዘገባ ያምራል፤ ስለ ትምህርቱ ግን እምብዛም አይናገርም። ጥበቃው ማለዳ ማለዳ ያጠጣው መደብ ብዙ ሊያፈራ ይችላል። ልጆቹ ራሳቸው ዘርተው፣ ተባይ የበላባቸው፣ ለምን እንደተበላም መርምረው የደረሱበት መደብ ደግሞ ባዶ ሊሆን ይችላል። የበለጠ የተማረበት ይኼኛው መሆኑን ኪሎው አያሳይም። በዚያ ላይ ምርቱ መለኪያ በሆነበት ቦታ ተማሪው ከተማሪነት ወደ ጉልበት ሠራተኛነት እንዳይገፋ ያሰጋል። አርፍዶ የመጣን ልጅ ጓሮ ቆፍር ብሎ መቅጣት በተለመደበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ግብርና የሚማሩት ዋናው ነገር ግብርና ቅጣት መሆኑን ነው። ስለዚህ ማንኛውም ግምገማ ጓሮውን ማን፣ በምን ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደሚሠራው ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

ከማወቅ እስከ መብላት

አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠናዎችን ለመገምገም ያቀረበው አራት ደረጃ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ሠልጣኙ ሥልጠናውን ወደደው? ምን ተማረ? ሥራው ላይ ምን ለወጠ? በመጨረሻስ ምን ውጤት ተገኘ? ደረጃዎቹ ወደ ምግብ ትምህርት ሲመጡ ልጁ ትምህርቱን መውደዱ፣ ማወቁ፣ አመጋገቡን መለወጡና ጤናው መሻሻሉ ይሆናሉ።

ሐሳቡ ቀላልና ጠቃሚ ነው። አደጋው አንዱ ደረጃ ከተገኘ ቀጣዩ በራሱ ይከተላል ብሎ መገመት ነው። ካሮት ለዓይን የሚጠቅም ቫይታሚን መስጠቱን ማወቅና ካሮት መብላት በሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚወሰኑ ናቸው። አንደኛው በመምህሩና በልጁ ጥረት ይመጣል። ሁለተኛው ካሮቱ ቤት ውስጥ መኖሩን፣ የሚገዛው ሰው አቅም ያለው መሆኑን፣ የሚያበስለው ሰው ጊዜ ማግኘቱን፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ሲበሉ መታየታቸውን፣ ጣዕሙ ልጁ የለመደው መሆኑን ይጠይቃል። ከእነዚህ ውስጥ በልጁ እጅ ያለው ጥቂቱ ነው።

ጣዕምን ብቻ ብንወስድ እንኳ ነገሩ ጊዜ ይፈልጋል። በልጆች አመጋገብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት አንድ ልጅ የማያውቀውን ምግብ ለመልመድ ብዙ ጊዜ መቅመስ ያስፈልገዋል፤ በተለምዶ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ይባላል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ጊዜ ያቀመሰ ትምህርት በወሩ ልጆቹ ያንን አትክልት እንዲወዱ ቢጠበቅበት የተበደለው ትምህርቱ ነው።

በዕውቀትና በአመጋገብ መካከል ያሉት ደረጃዎች በብዙ ግምገማዎች ይዘለላሉ። ለመቅመስ ፈቃደኛ መሆን አንዱ ነው። አንድን ምግብ ለይቶ ማወቅና በስሙ መጥራት፣ ቀላል ምግብ በንጽሕና ማዘጋጀት መቻል፣ በማሸጊያ ላይ የተጻፈውን አንብቦ መረዳት፣ ቤት ገብቶ ወላጅን «ይህን እንግዛ» ብሎ መጠየቅም አሉ። እነዚህ ትምህርቱ በቀጥታ ሊነካቸው የሚችሉ ለውጦች ናቸው። ፈተናው እነሱን ሳያያቸው ከታች ያልፋል፤ የጤና መለኪያው ደግሞ ከላይ ያልፋቸዋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የምዘናው ዋና ሥራ ያለው እዚህ መካከል ላይ ነው።

ልጁ የበላውን ማወቅ

አመጋገብ ተለወጠ ለማለት መጀመሪያ ልጁ ምን እንደበላ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። በጥናቶች የተለመደው መንገድ የ24 ሰዓት ትውስታ ይባላል፤ ባለፈው አንድ ቀን የተበላውን ሁሉ ጠይቆ መመዝገብ ማለት ነው። አዋቂም ቢሆን ይረሳል። ከ8 ዓመት ገደማ በታች ያሉ ልጆች ግን ጊዜን፣ መጠንንና ዓይነትን በአንድነት አስታውሶ ለመናገር ገና አልደረሱም። በአሜሪካ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተመልካቾች ልጆቹ በትምህርት ቤት ሲበሉ አይተው መዘገቡ፤ በኋላ ልጆቹ ሲጠየቁ የበሉትን ሳይጠቅሱ የቀሩ፣ ያልበሉትን ደግሞ በላን ያሉ ብዙ ሆነው ተገኙ። በመብላቱና በጥያቄው መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ስህተቱም ይጨምር ነበር።

ወላጅን መጠየቅ ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ አይሞላውም፤ ወላጅ ልጁ ትምህርት ቤት የበላውን አያይም። መጠይቅ መሙላትም የራሱ ችግር አለው። የአትክልት ጥቅም ለአንድ ወሰነ ትምህርት ሲነገራቸው የቆዩ ልጆች በመጨረሻ «ትናንት አትክልት በላህ?» ሲባሉ የሚጠበቅባቸውን መልስ ያውቁታል። ይህ በጥናት ቋንቋ የማኅበራዊ ተፈላጊነት አድልዎ ይባላል፤ ሰው እውነቱን ሳይሆን የሚያስመሰግነውን የመመለስ ዝንባሌ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አድልዎው በተማሩት ልጆች ላይ የሚበረታ መሆኑ ነው። ትምህርቱን ያልወሰዱት የሚያስመሰግነውን መልስ እንደ እነሱ አያውቁትም። ስለዚህ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚታየው ልዩነት ከፊሉ የአመጋገብ ሳይሆን የመልስ አሰጣጥ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የተሻሉ መንገዶች አሉ። ከምሳ በፊትና በኋላ ሳህኑን መመዘን ወይም ፎቶ አንሥቶ የተረፈውን ማስላት የልጁን ትውስታም ሆነ ይሉኝታ አይፈልግም። ጉድለቱ የሚያሳየው የትምህርት ቤቱን ምሳ ብቻ መሆኑ ነው፤ ልጁ ምሳውን ጨርሶ ማታ ሌላ ነገር ቢበላ አይታወቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በቆዳ ውስጥ ያለውን የካሮቲኖይድ መጠን በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች በጥናት ላይ እየዋሉ ነው። ካሮቲኖይድ አትክልትና ፍራፍሬን ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ የሚያደርገው ቀለም ሲሆን በብዛት ሲበላ በቆዳ ውስጥ ይከማቻል። መርፌ አይጠይቅም፤ ልጁ የሚያስመሰግነውን መልስ ቢያውቅም ቆዳው አይዋሽም። ሆኖም የሚለካው ባለፉት ሳምንታት የተበላውን በጥቅሉ እንጂ የትኛው ምግብ እንደነበር አይነግርም፤ ዋጋውም ለተራ ትምህርት ቤት የሚቀመስ አይደለም።

ወቅት፣ ጓሮና ማነጻጸሪያ

ለብዙ ግምገማዎች መበላሸት ምክንያት የሚሆን፣ ነገር ግን ሲጠቀስ እምብዛም የማይሰማ ነገር ወቅት ነው። የመነሻው መረጃ የትምህርት ዘመኑ ሲጀምር፣ የመዝጊያው ደግሞ ሲጠናቀቅ ይሰበሰባል። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ገበያው ይለወጣል። መነሻው አትክልት በጠፋበት፣ መዝጊያው በረከሰበት ወር ከዋለ ምንም ሳያስተምሩ «ጭማሪ» ይገኛል። ተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ ጥሩ ትምህርት የከሸፈ ይመስላል። ጓሮውም የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ቶሎ የሚደርሱ አትክልቶች በአንድ ወር ገደማ ይለቀማሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳሉ፤ መኸሩም ከትምህርት ቤቱ ረጅም ዕረፍት ጋር ይጋጫል። ልጆቹ የዘሩትን ሳይቀምሱ ከተበተኑ ትምህርቱ ከዋናው ምዕራፍ በፊት ተቋርጧል ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ማነጻጸሪያ ቡድን ነው፦ ትምህርቱን ገና ያልጀመሩ፣ በሌላ ነገር ግን የሚመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች። ወቅቱ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚሠራ ከማነጻጸሪያው የሚበልጠው ለውጥ ብቻ ለትምህርቱ ይቆጠራል። የትኛው ትምህርት ቤት ቀድሞ እንደሚጀምር በዕጣ ቢለይ ደግሞ ይበልጥ ይታመናል፤ ፈቃደኛ ትምህርት ቤቶች ብቻ ከተመረጡ ድሮም ትጉህ ርዕሰ መምህር ያላቸው ይበዛሉና።

ቁጥር ላይም ወጥመድ አለ። በ20 ክፍሎች ያሉ 600 ልጆች ተጠየቁ ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ክፍል ያሉ ልጆች መምህራቸው፣ ጓሯቸው፣ ምሳቸውና ሰፈራቸው አንድ ስለሆነ መልሳቸው ይመሳሰላል። በልጆቹ መካከል ካለው ጠቅላላ ልዩነት አንድ አሥረኛው የሚመጣው አንዱ ክፍል ከሌላው ክፍል በመለያየቱ ነው እንበል። በየክፍሉ 30 ልጅ ካለ የናሙናው ጉልበት ወደ አራት እጥፍ ያህል ይቀንሳል፤ ስሌቱ 1 ሲደመር 29 ጊዜ 0.1፣ ማለትም 3.9 ነው። 600ው ልጅ በመረጃነት 154 ያህል እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ልጆችን ብቻ ይተካል። አንድ የተማረ ክፍልን ከአንድ ያልተማረ ክፍል ጋር ማወዳደር ደግሞ በውስጣቸው ስንትም ልጅ ቢኖር በመሠረቱ ሁለት ነገሮችን ማወዳደር ነው። «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ዜና ሲነበብ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ልጅ ሳይሆን ስንት ትምህርት ቤት የሚለው ነው።

ጠንከር ያሉት ጥናቶች ያሳዩት

በዕጣ ከተመደቡ ትምህርት ቤቶች የተገኙ ውጤቶች ለሁለቱም ተከራካሪ ወገን የሚመቹ አይደሉም።

በለንደን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የጓሮ ትምህርት በልጆች የአትክልትና ፍራፍሬ አበላል ላይ ያመጣውን ለውጥ መረመረ። በዕጣ በተመደቡት ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ጓሮውን ምን ያህል እንደተጠቀመበትም መዝግበው ነበር። ጓሮ ከሌለበት እስከ ማኅበረሰቡ ድረስ የሚሳተፍበት ባሉት እርከኖች ላይ ሦስት ደረጃ ወደ ላይ የወጡ ትምህርት ቤቶች ልጆች፣ ለውጥ ካላሳዩት ጋር ሲነጻጸሩ በቀን በአማካይ 81 ግራም ተጨማሪ አትክልትና ፍራፍሬ በልተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይመክራል፤ ስለዚህ 81 ግራም ከዚያ አንድ አምስተኛው ነው፤ ትንሽ አይባልም።

ይህን ውጤት «ጓሮ በደንብ ከተሠራበት ይሠራል» ብሎ መደምደም ያጓጓል። ጥንቃቄ ግን ያሻል። የግምቱ ስፋት ከ0 እስከ 163 ግራም የሚደርስ ነበር፤ ማለትም እውነተኛው ጭማሪ ከምንም እስከ ሁለት እጥፉ ሊሆን ይችላል። ሦስት ደረጃ የወጡት ትምህርት ቤቶችም በዕጣ ሳይሆን በራሳቸው ጥረት የወጡ ናቸው። ጓሮውን እንዲያ ያሳደገ ርዕሰ መምህር ምሳውንም አሻሽሎ፣ ወላጆችንም ሰብስቦ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ቴክሳስ በ16 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣው ጥናት ጓሮን፣ ምግብ ማብሰልንና ሥርዓተ ምግብን አጣምሮ በትምህርት ዘመኑ 18 ትምህርቶች ሰጥቷል። የልጆቹ የአትክልት አበላል ጨመረ። የሰውነት ክብደታቸውና የደም ግፊታቸው ግን ከማነጻጸሪያው ጋር ሲታይ አልተለየም። በዚህ ጥናት ላይ አንዱ «ሠራ»፣ ሌላው «አልሠራም» ቢል ሁለቱም ከአንድ ገጽ እያነበቡ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው ምናልባት የኔፓሉ ነው። የዓለም አትክልት ማዕከል የተባለው የምርምር ተቋም በኔፓል ትምህርት ቤቶች ያካሄደው የመጀመሪያ ጥናት ልጆቹ ስለ አትክልትና ስለ ዘላቂ ግብርና ያላቸው ዕውቀት ጨምሮ አበላላቸው ግን አለመለወጡን አሳየ። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ጓሮ ወላጆች ቤታቸው ውስጥ ከሚያለሙት ጓሮና ከሚያገኙት ሥልጠና ጋር ተያይዞ ሲሞከር የልጆቹ የአትክልት አበላልም ጨመረ። በመጀመሪያው ጥናት የተቋረጠው ትምህርት ቤቱን ከቤት የሚያገናኘው መንገድ ነበር። የመጀመሪያው ግምገማ «አልተሳካም» ተብሎ ቢዘጋ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር። ዕውቀትንና አበላልን ለያይቶ በመለካቱ ግን መንገዱ የት እንደተቆረጠ አመለከተ።

ያልተሰጠ ትምህርት

ውጤት ሲታጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነገር ትምህርቱ በእርግጥ ተሰጥቷል ወይ የሚለው ነው። በወረቀት 20 ክፍለ ጊዜ የተያዘለት ትምህርት የብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ሲደርስ ወደ 8 ይወርዳል። የማብሰያ ቁሳቁስ ሳይመጣ ይቀራል፤ የተግባሩ ትምህርት በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ሥልጠና የወሰደው መምህር ይዛወራል። ያኔ «ትምህርቱ ለውጥ አላመጣም» የሚለው ድምዳሜ ስላልተካሄደ ነገር የሚሰጥ ፍርድ ነው።

በዚህ ረገድ አሜሪካዊው የጤና ተመራማሪ ራስል ግላስጎውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት የግምገማ ማዕቀፍ ይጠቅማል። ከውጤታማነት ጋር አራት ሌሎች ጥያቄዎችን አብሮ ያነሣል፦ ስንቱን ልጅ ደረሰ፣ ስንት ትምህርት ቤት ተቀበለው፣ በታቀደው መሠረት ተካሄደ ወይ፣ ድጋፉ ሲቆምስ ቀጠለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለጓሮ ፕሮጀክቶች ከባድ ፈተና ነው። ገንዘብ ሰጪው በወጣ በሁለተኛው ዓመት ቦታው ሣር ከበቀለበት በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር ዋጋው ይቀንሳል።

ክብደት መለኪያ ይሁን?

ትልቁ የአመለካከት ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች የሚያነሡት መከራከሪያ ጠንካራ ነው። የሕፃናት የተዛባ አመጋገብ ሕይወትና ዕድገት የሚነካ ጉዳይ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣበት ፕሮግራም በመጨረሻ ጤና ላይ ካልታየ ምን ይጠቅማል ይላሉ። የትምህርት ባለሙያዎች ደግሞ የታሪክ ትምህርትን «ስንት ጦርነት አስቀረ?» ብለን አንመዝንም፤ ምግብንና ግብርናን መረዳት በራሱ የትምህርት ግብ ነው ብለው ይመልሳሉ።

የጃፓን ልምድ ሁለቱን ለማስታረቅ ይረዳል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2005 ሾኩኢኩ የተባለውን የምግብ ትምህርት በሕግ ደነገገች፤ በዚያው ዓመት የሥርዓተ ምግብ መምህር የሚባል የሥራ መደብም አቋቋመች። ከሕጉ በኋላ በየጊዜው የሚወጡት አገራዊ ዕቅዶች ቁርስ ሳይበሉ የሚውሉ ልጆችን ቁጥር ወደ ዜሮ እንደማውረድ ያሉ በአኃዝ የሚለኩ ግቦች አሏቸው። ቁጥሮቹ በአገር ደረጃ ይታያሉ፤ የአንድ መምህር ወይም የአንድ ልጅ ውጤት ተደርገው አይሰጡም። ይህ አካሄድ አዝማሚያውን ያሳያል። ለውጡ በትምህርቱ ይምጣ ወይም በሌላ ምክንያት መለየት ግን አይችልም፤ ለዚያ ጥናት ያስፈልጋል።

በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ክብደትና የጤና መለኪያዎች ከክፍል ውጭ፣ በባለሙያ፣ በምስጢርና በወላጅ ፈቃድ ለሚካሄዱ ጥናቶች መተው አለባቸው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የልጅ ክብደት በእንቅስቃሴ፣ በእንቅልፍ፣ በበሽታ፣ በዘር ውርስና በቤተሰብ ገቢ ጭምር ስለሚወሰን ለጥቂት ክፍለ ጊዜዎች ትምህርት ትክክለኛ መለኪያ አይደለም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። በጓደኞቹ ፊት ሚዛን ላይ የሚወጣ ልጅ ውርደትን ይማራል። የምሳ ዕቃው በመምህሩ ተከፍቶ ነጥብ የሚሰጠው ልጅ በቤተሰቡ አቅም ይመዘናል። ምግብን «መልካም» እና «መጥፎ» እያሉ በመክፈል የተዘጋጀ ፈተናም ቤቱ ያለውን ብቻ የሚበላውን ልጅ በራሱ ገበታ እንዲያፍር ያደርገዋል።

አቅሙ አነስተኛ የሆነ ትምህርት ቤት

በዕጣ መመደብም ሆነ የቆዳ መለኪያ የተራ ትምህርት ቤት ሥራ አይደለም። ይህ ማለት ግን ከምርጫ ጥያቄ ሌላ አማራጭ የለም ማለት አይደለም።

ለግብርናው ክፍል የተግባር ምዘና ይቻላል። ቅጠሉ የደረቀ ወይም ቢጫ የሆነ ችግኝ ለሦስት ልጆች ሰጥቶ ምን እንደሆነ መርምሩ፣ ምክንያታችሁንም አስረዱ ማለት ነው። መምህሩ የሚያየው መልሱ ልክ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ አፈሩን ነኩት? ከቅጠሉ ሥር ተባይ ፈለጉ? ውሃ በዝቶ ወይስ አንሶ ብለው ጠየቁ? አስቀድሞ በተዘጋጀ የመመዘኛ ሠንጠረዥ ላይ ይህን መመዝገብ በቃል ከተጠና ትርጓሜ ይልቅ ብዙ ያሳያል። ለምግቡ ክፍል እጅ መታጠብን፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየትን፣ ቢላ አያያዝን በተግባር ማየት ይቻላል። ልጆች የቀመሱትንና ያሰቡትን በየጊዜው የሚጽፉበት ወይም የሚሥሉበት ማስታወሻ ደብተርም በዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ሲነጻጸር የራሱን ታሪክ ይናገራል።

ለሥርዓተ ምግቡ ደግሞ ምሳ የሚቀርብበት ትምህርት ቤት የተረፈውን በምግብ ዓይነት በየባልዲው ለይቶ በሳምንት አንድ ቀን መመዘን ይችላል። ማንም ልጅ በግሉ አይታይም፤ የሚታየው የጠቅላላው ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው መዝነው፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሥዕላዊ መግለጫ ቢሠሩበት ምዘናው ራሱ ትምህርት ይሆናል። ያን ዕለት የቀረበው ምግብ፣ የአየሩ ሁኔታና የመጡት ልጆች ብዛት አብሮ ካልተጻፈ ግን ቁጥሩ ያሳስታል። ምግቡ የተረፈው ስላልተወደደ ነው ወይስ የምሳው ሰዓት አጥሮ? ይህን ከልጆቹ በቀር የሚያውቀው የለም፤ መጠየቅ ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

መለኪያው ወዴት ይገፋል

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ዶናልድ ካምቤል በ1970ዎቹ እንዳስገነዘበው አንድ የቁጥር መለኪያ ለውሳኔ መሠረት በሆነ መጠን የመጣመም ዕድሉ ይጨምራል፤ ይለካ የተባለውንም ሥራ ያጣምማል። በምግብ ትምህርት ይህ የሚሆንበትን መንገድ መገመት አይከብድም። የጽሑፍ ፈተና ብቻ ከተቆጠረ ጓሮውና ማብሰያው ጊዜ ማባከኛ ይሆናሉ፤ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። ኪሎ ከተቆጠረ ጓሮው ወደ እርሻ፣ ልጁ ወደ ጉልበት ሠራተኛ ይለወጣል። የሳህኑ ባዶ መሆን ብቻ ከተቆጠረ «ጨርስ» የሚል ግፊት ይመጣል፤ ልጅን አስገድዶ ማስበላት ደግሞ ለምግቡ ያለውን ጥላቻ የሚያጠነክር መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ክብደት ከተቆጠረ ትምህርት ቤቱ ተጠያቂ የሚሆነው ሊወስነው በማይችለው ነገር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ትምህርቱ «አልሠራም» ተብሎ ከሥርዓተ ትምህርቱ ይወጣል።

ስለዚህ በጀት የሚመድበው አካል ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። በዚህ የትምህርት ሰዓት ብዛት፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ቁሳቁስ ልጁ ምን እንዲችል ይጠበቃል? ከዚያ በኋላ ያለው የአዋቂዎች ድርሻ፣ ማለትም የምሳው ዝርዝር፣ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ የሚሸጠው ነገር፣ የወላጆች ተሳትፎ፣ በማን ይመዘናል? ልጁ ስለ አትክልት ጥቅም ተፈትኖ ሲያበቃ አትክልት የማይገኝበት የምሳ ዝርዝር ያጸደቀው አዋቂ ሳይጠየቅ የሚያልፍበት ግምገማ የጎደለው ግማሽ አለው።